«ሲስተም የለም» ሲባል የጎደለው የትኛው ነው?

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



በምሥራቅ ጎጃም፣ በብቸናም ሆነ በሞጣ ከተማ፣ ከባንክ መስኮት ፊት የቆመ ሰው ከኮምፒዩተር ሙያ ቃላት መካከል በሚገባ የሚያውቀው አንድ ቢኖር «ሲስተም የለም» የሚለው ነው። ጤፍ ሸጠው ያስቀመጡትን ገንዘብ ለማዳበሪያ መግዣ ለማውጣት ከገጠር ቀበሌ ሌሊት ተነሥተው በእግር የመጡ አንድ አዛውንት ገበሬ ተራቸው ደርሶ ደብተራቸውን ሲዘረጉ፣ ወጣቱ ገንዘብ ከፋይ «አባቴ፣ ሲስተም የለም» ይላቸዋል። እሳቸውም «መቼ ይመጣል፣ ልጄ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ከባሕር ዳር እንደሚጠበቅ አውቶቡስ መሆኑ ነው። ወጣቱ መልስ የለውም። መልስ ያጣውም በስንፍና ሳይሆን፣ ከፊቱ ያለው ስክሪን የጎደለው ነገር ምን እንደሆነ ስለማይነግረው ነው።

«ሲስተም የለም» የሚለው ሐረግ ቢያንስ አምስት ልዩ ልዩ ጉድለቶችን በአንድ ከረጢት አስሮ የያዘ ነው። መስመሩ ተቆርጦ ይሆናል፤ መብራት ጠፍቶ ይሆናል፤ ደንቡን የሚያሰላው ኮምፒዩተር ከአቅሙ በላይ ተጭኖ ይሆናል፤ ዋናው መዝገብ ተቆልፎ ይሆናል፤ ወይም ሁሉም በደኅና ሳለ ጥያቄዎችን የሚያከፋፍለው መሣሪያ ወደማይሠራ ማሽን እየላካቸው ይሆናል። ለአዛውንቱ ሁሉም ያው ነው፤ ባዶ እጅን ተመልሶ መሄድ። ለመሐንዲስ ግን ያው ሊሆን አይገባውም። የዚህ ንግግር ጉዳይም ከረጢቱን መፍታት ነው። ይኸውም ትልልቅ የገንዘብ ሶፍትዌሮች በእርከን የሚደራጁበትን ምክንያት፣ የሥራው ጫና ለብዙ ማሽኖች የሚታደልበትን ዘዴ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሊታደል የማይችለው ክፍል የትኛው እንደሆነ መመልከት ነው።

የእርከን ነገር ከኮምፒዩተር ጋር የመጣ አዲስ ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በ1956 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምርና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዘመን፣ የአንድ ቅርንጫፍ አሠራር በሦስት ደረጃ የተከፈለ ነበር። በመስኮቱ ደንበኛውን ተቀብሎ የሚያነጋግር ሠራተኛ አለ፤ ከበስተኋላው ፊርማውን ከካርዱ ጋር የሚያመሳክር፣ ቀሪ ሒሳቡ መብቃቱን የሚያረጋግጥና የሚፈቅድ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ሒሳቡ የሚጻፍበት ሌጀር አለ። ዛሬም ሶፍትዌሩ ያንኑ ይከተላል። የመጀመሪያው እርከን ከሰው ጋር የሚገናኘው ነው፤ የገንዘብ ከፋዩ ስክሪን፣ የኤቲኤም ማሽን፣ የእጅ ስልክ። ሁለተኛው ደንቡን የሚያሰላው ነው፤ የአገልግሎት ዋጋን፣ የወጪ ጣሪያን፣ የፈቃድን ደረጃ። ሦስተኛው መዝገቡ ራሱ፣ ማለት የመረጃ ቋቱ ነው።

በሌጀሩ ዘመን የነበረው ልዩነት መዝገቡ በየቅርንጫፉ መቀመጡ ነው። በብቸና ያስቀመጠ ሰው የሚያወጣው በብቸና ነበር። ጫናው በመልክዐ ምድር ተከፋፍሎ ያደረ ስለነበረ የብቸና ሰልፍ የሞጣን ሰልፍ አንድ ደቂቃ እንኳ አያዘገየውም፤ የሞጣ ቅርንጫፍ ቢዘጋም ብቸና ሥራውን ይቀጥላል። ዋጋው ደግሞ ግልጽ ነበር፤ ከብቸና በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ የሚዘልቅ ነጋዴ ገንዘቡን በወገቡ ታጥቆ ይጓዝ ነበር። ኮር ባንኪንግ የሚባለው ሥርዓት ሌጀሮቹን ሁሉ ሰብስቦ በአዲስ አበባ በአንድ መዝገብ ሲያኖራቸው ነጋዴው ከዚህ ስጋት ዳነ። በአንጻሩ ግን የእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ሥራ በአንድ ማእከልና ወደዚያ በሚወስደው መስመር ላይ ተንጠለጠለ። ዛሬ ከብቸና አንድ ሺህ ብር የሚያወጣ ሰው ጥያቄው ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ ከዋናው መዝገብ ፈቃድ ይዞ መመለስ አለበት።

ስለሆነም ጫናው በአንድ ቦታ ተከማቸ ማለት ነው። ይህ ጫና ደግሞ በዓመቱ ውስጥ እኩል የተዘረጋ አይደለም። የወር ደመወዝ በሚከፈልበት ቀን መምህሩ፣ የጤና ባለሙያውና የወረዳው ሠራተኛ በአንድ ጊዜ ይመጣሉ። የእንቁጣጣሽ፣ የገናና የፋሲካ ዋዜማ አለ። የበጀት ዓመቱ የሚዘጋበት ሰኔ 30 አለ፤ የሰኔን ግርግርና የሰኔን ግዢ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ላገለገለ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ከዚህ ሙያ ውጭ ላሉ የማኅበሩ አባላት አንድ ስሌት መጥቀሱ ጠቃሚ ይሆናል። የሰልፍን ሒሳብ በመጀመሪያ የመሠረተው በኮፐንሃገን የስልክ ድርጅት ይሠራ የነበረው ዴንማርካዊ ኤርላንግ ሲሆን፣ የመጀመሪያ ጽሑፉ እ.ኤ.አ. በ1909 ታተመ። ከዚህ ትምህርት የሚገኘው ቀላሉ ቀመር እንዲህ ይላል። ጥያቄዎች ሳይቀጣጠሩ በዘፈቀደ የሚደርሱ ሲሆን፣ አንድ ማሽን አንዱን ጥያቄ በአማካይ በሴኮንድ አንድ አሥረኛ የሚጨርስ ቢሆን፣ ግማሽ ጊዜውን ብቻ በሥራ ላይ ሳለ ደንበኛው በአማካይ ሁለት አሥረኛ ሴኮንድ ይቆያል። ማሽኑ ከመቶ ዘጠናውን ጊዜ ሲያዝ ቆይታው አንድ ሙሉ ሴኮንድ ይሆናል፤ ከመቶ ዘጠና አምስት ሲደርስ ሁለት ሴኮንድ፤ ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ ሲሆን አሥር ሴኮንድ ይሆናል። ከሃምሳ ወደ ዘጠና ሲወጣ ሥራው እጥፍ እንኳ አልሞላም፤ ጥበቃው ግን አምስት እጥፍ ሆነ። «ትናንት ደኅና ነበር፤ ዛሬ ትንሽ ሰው ቢጨመር ምን ሆነ?» ለሚል የሥራ ኃላፊ መልሱ ይኸው ነው።

መድኃኒቱ ማሽን መጨመርና ጫናውን ማካፈል ነው። በሁለቱ የላይኛ እርከኖች ይህ እምብዛም አያስቸግርም። ከፊት አንድ አከፋፋይ ይቆማል፤ የሚመጡትን ጥያቄዎች ተራ በተራ፣ ወይም በዚያች ሰዓት ጥቂት ሥራ ለያዘው ማሽን ይሰጣል። ቅድመ ሁኔታው አንድ ብቻ ነው፤ ማሽኖቹ በራሳቸው ዘንድ ምንም ትዝታ መያዝ የለባቸውም። የሞጣው ገንዘብ ከፋይ ቅጹን በግማሽ ሞልቶ ሳለ ያስተናግደው የነበረው ማሽን ቢወድቅ፣ ሌላው ካቆመበት ተቀብሎ ሊቀጥል የሚችለው ግማሹ ቅጽ በወደቀው ማሽን ሆድ ውስጥ ካልቀረ ነው። ሥራ የሚቀባበሉ ሠራተኞች ሁሉ ማስታወሻቸውን በጋራ ጠረጴዛ ላይ እንጂ በኪሳቸው አያኖሩትም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ግን በመጻሕፍት በአጭሩ የሚታለፍ፣ በሥራ ላይ ግን ብዙ እንቅልፍ የሚነሣ ነገር ነው። አከፋፋዩ ማሽኖቹ በሕይወት መኖራቸውን በየጥቂት ሴኮንዱ ይጠይቃል። አንዱ ማሽን «አለሁ» እያለ፣ ነገር ግን ከመዝገቡ ጋር የሚያገናኘው መስመር ተቆርጦበት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ማሽን ለመጣበት ጥያቄ ሁሉ «አይቻልም» የሚል መልስ በፍጥነት ይሰጣል። ፈጣን ስለሆነም በእጁ የተከማቸ ሥራ የለም። ሥራ የሌለበትን ማሽን የሚመርጠው አከፋፋይም ይህንኑ ማሽን ይወደዋል፤ የሚመጣውን ሁሉ ወደ እሱ ያጎርፈዋል። ባለጉዳይን ሁሉ «ነገ ተመለስ» የሚል ጸሐፊ ከደጁ ሰልፍ እንደማይታይ ሁሉ ማለት ነው። ስለዚህ የጤና ጥያቄው «አለህን?» የሚል ሳይሆን «ከመዝገቡ አንድ ቀሪ ሒሳብ አንብበህ አሳየኝ» የሚል መሆን አለበት።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የቁጥር ነው። ሁለት ማሽኖች እያንዳንዳቸው ከመቶ ስድሳ ተጭነው በደኅና ይሠራሉ ብሎ የሚተማመን መሥሪያ ቤት፣ አንዱ የወደቀ ዕለት ሌላውን ከመቶ መቶ ሃያ ያሸክመዋል፤ ማለት ሁለተኛውንም ይጥለዋል። ሁለት ማሽን የተገዛው አንዱ ሲወድቅ ሌላው እንዲያነሣው ከሆነ ሁለቱም ከግማሽ በታች ሲሠሩ መታየት አለባቸው። ይህን ለበጀት ኃላፊ ማስረዳት ቀላል አይደለም፤ ግማሽ ሥራ ፈት የሆነ ዕቃ ለምን ይገዛል ይባላል።

ሦስተኛው የድግግሞሽ ነገር ነው። መልስ የዘገየበት ሰው ምን ያደርጋል? ደግሞ ይጫናል። ስልኩም፣ በመካከል ያለው ማሽንም መልስ ሲያጡ ጥያቄውን መልሰው ይልካሉ። እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ ጠፍቶ ሳይሆን ሥራው ተፈጽሞ መልሱ በመንገድ የቀረ ቢሆንስ? ሁለተኛው ጥያቄ ያንኑ ገንዘብ ሁለት ጊዜ ያወጣል። የዚህ መፍትሔ በመንግሥት ሒሳብ ሥራ ከኮምፒዩተር በፊት የታወቀ ነው። ገንዘብ የሚሰበሰብበት ሞዴል 64 ደረሰኝ ተከታታይ ቁጥር የታተመበት ለምንድን ነው? ያው አንድ ቁጥር ሁለት ጊዜ በመዝገብ ቢታይ ኦዲተሩ ወዲያው እንዲያውቀው ነው። ሶፍትዌርም እንዲሁ ነው፤ የእያንዳንዱ ክፍያ ጥያቄ ከመነሻው፣ ከስልኩ ወይም ከስክሪኑ፣ የራሱን ቁጥር ይዞ ይነሣል፤ አሥር ጊዜ ቢላክ መዝገቡ ቁጥሩን አይቶ የፊተኛውን መልስ ይደግማል እንጂ ሥራውን አይደግምም። ቁጥሩ በመካከለኛው እርከን ሲደርስ የሚሰጥ ከሆነ ግን ዋጋ የለውም፤ ድግግሞሹ ሁሉ አዲስ ቁጥር እያገኘ ይገባልና። ደረሰኙ የሚቆረጠው ገንዘቡ ከተሰጠበት መስኮት ላይ ነው።

እስከዚህ የተባለው ሁሉ የላይኛዎቹን እርከኖች የሚመለከት ነው። ወደ መዝገቡ ሲወረድ ነገሩ ይለወጣል።

ባልና ሚስት በጋራ ሒሳባቸው አንድ ሺህ ብር አላቸው እንበል። ባል በብቸና፣ ሚስት ለዘመድ ጥየቃ ሄዳ በሞጣ፣ በአንዲት ደቂቃ ውስጥ አንድ አንድ ሺህ ብር ይጠይቃሉ። መዝገቡ አንድ ከሆነ ቀድሞ የደረሰው ይወስዳል፤ ሌላው «አይበቃም» ይባላል። ጫናውን ለማቅለል ተብሎ ሁለት እኩል መዝገቦች ቢኖሩና ብቸና ከአንደኛው፣ ሞጣ ከሁለተኛው ቢጠይቁ ግን ሁለቱም «ይበቃል» ሊሉ ይችላሉ። ስሕተቱ የማንም አይደለም፤ እያንዳንዱ መዝገብ በያዘው ቁጥር እውነቱን ተናግሯል። ሁለት ሺህ ብር ግን ወጥቷል።

መዝገቦቹ ከመፍቀዳቸው በፊት እርስ በርሳቸው እንዲጠያየቁ ማድረግ ይቻላል፤ አሜሪካዊው የኮምፒዩተር ሊቅ ጂም ግሬይ እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣው ጽሑፍ በስፋት ያብራራው በሁለት ዙር የመስማማት ዘዴ ይህ ነው። ዋጋው ጊዜ ነው። በኦፕቲክ መስመር ውስጥ ብርሃን አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ አምስት ሺኛ ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል፤ በአዲስ አበባና በባሕር ዳር መካከል አንድ ደርሶ መልስ ከዚህ አያንስም። ይህ በራሱ ብዙ አይደለም፤ ነገር ግን ደርሶ መልሱ ባልተፈጸመበት ጊዜ ሁሉ ሒሳቡ ተቆልፎ ይጠብቃል። መስመሩ ቢቆረጥስ? አሜሪካዊው ኤሪክ ብሩወር እ.ኤ.አ. በ2000 ያቀረበውና ከሁለት ዓመት በኋላ ጊልበርትና ሊንች የተባሉ ተመራማሪዎች በሒሳብ ያረጋገጡት ሐሳብ ምርጫውን ቁልጭ አድርጎ ያስቀምጠዋል። መስመር ሲቆረጥ ወይ አገልግሎቱን አቁሞ እውነተኛውን ቁጥር መጠበቅ፣ ወይም አገልግሎቱን ቀጥሎ የቁጥር መለያየትን መቀበል ነው፤ ሁለቱን አጣምሮ የያዘ ሥርዓት አይገኝም። «ሲስተም የለም» ማለት አንዳንድ ጊዜ ብልሽት ሳይሆን ይህ ምርጫ ነው። ባንኩ መዝገቡን ሳያይ ከመክፈል መዝጋትን መርጧል ማለት ነው።

ይህ ምርጫ ለምን እንደሚያስፈልግ መጋቢት 2016 ዓ.ም. አሳይቷል። መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ፣ ከዓርብ ሌሊት እስከ ቅዳሜ ማለዳ ባሉት ሰዓቶች፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ እንዲያወጡና እንዲያስተላልፉ ፈቀደ። ወሬው በስልክ ከተማሪ ወደ ተማሪ ተዛመተ፤ በዩኒቨርሲቲዎች አካባቢ ባሉ ኤቲኤሞች ፊት ሰልፍ ሆነ። በእነዚያ ጥቂት ሰዓቶች ከ490,000 በላይ የገንዘብ እንቅስቃሴዎች እንደተፈጸሙና ያለአግባብ የወጣው ገንዘብ 800 ሚሊዮን ብር ገደማ እንደነበረ ባንኩ ራሱ በይፋ ገልጿል። የሳይበር ጥቃት አለመሆኑ፣ ችግሩም ከሥርዓቱ የጥገናና የፍተሻ ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑ ተነገረ። አብዛኛው ገንዘብ በሚቀጥሉት ሳምንታት ተመለሰ፤ ያልመለሱ ሰዎች ስምና ፎቶግራፍም በአደባባይ ወጣ።

በዚያ ሰሞን ስለ ተማሪዎቹ ሥነ ምግባር ብዙ ተብሏል፤ ይህ ጉባኤ ግን የመሐንዲሶች ነው። ከምሕንድስና አንጻር ልብ ሊባል የሚገባው በዚያች ሌሊት በሩ ሁሉ ክፍት መሆኑ ነው። ማሽኖቹ አልቆሙም፤ መስመሩ አልተቆረጠም፤ ሰልፉም እየተስተናገደ ነበር። በአገልግሎት መለኪያ ብቻ ለሚመዝን ሰው ከደኅና ሌሊቶች አንዱ ነበር ለማለት ይቻላል። በብዕር የሚጽፍ ሠራተኛ ሲሳሳት አንድ አንድ እያለ ነው የሚሳሳተው፤ ቢደክመውም ሰዓቱ ሲደርስ መስኮቱን ዘግቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ወደ 2,000 ለሚጠጉ ቅርንጫፎችና ለሚሊዮኖች ስልክ እኩል የሚያድል ሥርዓት ግን ስሕተቱንም እንዲሁ እኩልና በፍጥነት ያድላል። ስለዚህ ቀሪ ሒሳብ መብቃቱን የማረጋገጥ ሥራ በመካከለኛው እርከን ደንብ ላይ ብቻ ተጥሎ መተው የለበትም፤ ከዜሮ በታች አለመውረድ በመዝገቡ በራሱ የተጻፈ፣ የላይኛው እርከን ቢሳሳት እንኳ እንቢ የሚል ገደብ መሆን ይገባዋል። ከዚህም ሌላ ባልተለመደ ፍጥነት የሚወጣ ገንዘብ ሲታይ በሩን የሚያጠብ፣ ከሁሉም እርከን ውጭ የቆመ ተመልካች ያስፈልጋል።

እንግዲህ ከዚህ ተነሥቶ «ሁሉም በአንድ መዝገብ ይሁን፤ ሁሉም በማእከል ይሁን» ወደሚል መደምደሚያ የሚሮጥ ባለሙያ ይኖራል። የወረዳ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤቶች ታሪክ ግን ሌላ ነገር ያሳያል፤ ለብቸናና ለሞጣ የሚቀርበውም ይህኛው ነው።

ብቸና የእነማይ፣ ሞጣ የሁለት እጁ እነሴ ወረዳ መቀመጫ ናቸው። በ1990ዎቹ ወረዳዎች የራሳቸውን በጀት ማስተዳደር ሲጀምሩ እያንዳንዱ ወረዳ የሒሳብ ሠራተኛ፣ መዝገብና ሪፖርት አስፈለገው። የግብርና፣ የትምህርትና የጤና ጽሕፈት ቤቶች ሁሉ የየራሳቸውን የሒሳብ ባለሙያ ሊያገኙ ስለማይችሉ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ያሉ ጥቂት ባለሙያዎች የብዙዎቹን ሒሳብ እንዲይዙ ፑል የሚባለው አሠራር ተዘረጋ። በሶፍትዌር ቋንቋ ቢገለጽ ፑል ማለት በብዙ መስኮቶችና በአንድ መዝገብ መካከል የቆመ የጋራ እርከን ነው፤ ማሽን ሳይገዛ የተሠራ የጫና ማከፋፈያ ነው።

የነጠላ አመዘጋገብ በሁለትዮሽ አመዘጋገብ ሲተካና የሒሳብ መደቦች ሲስተካከሉ፣ ሥራውን የሚያግዝ አይቤክስ የሚባል የበጀትና የወጪ ሶፍትዌር ተዘጋጀ። ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል በአሜሪካ መንግሥት ድጋፍ፣ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አማካይነት የተካሄደው ፕሮጀክት ውጤት ነው። ከውጭ ተዘጋጅቶ የተገዛ ዕቃ ሳይሆን የአገሪቱን የሒሳብ ደንብ ተከትሎ እዚሁ የተጻፈ ነው። ለዚህ ንግግር ዋናው ነገር አሰፋፈሩ ነው። የወረዳኔት መስመር በደረሰበትና በሚሠራበት ቦታ በመስመር፣ ባልደረሰበት ደግሞ ለብቻው በቆመ ኮምፒዩተር እንዲሠራ ተደርጎ ነበር። መስመር የሌለው ወረዳ ሒሳቡን በራሱ መዝገብ ይይዛል፤ ወሩ ሲዘጋ የተጠቃለለውን ፋይል ወደ በላይ አካል ያስተላልፋል፤ ፋይሉም በሰው እጅ ቢሄድ ግድ የለም።

ይህ አሠራር ለባንክ የማይሆነው፣ ለወረዳ ግን የሚሆነው ስለ ምን ነው? ምስጢሩ በመዝገቡ ላይ የሚጽፉት እጆች ቁጥር ነው። በባልና ሚስቱ ሒሳብ ላይ የብቸና ኤቲኤም፣ የሞጣ መስኮት፣ የአዲስ አበባ የደመወዝ ከፋይ፣ የቴሌብር ስልክ ሁሉ ይጽፋሉ። በእነማይ ወረዳ የወጪ መዝገብ ላይ ግን የሚጽፈው የእነማይ ፑል ብቻ ነው። ዞኑም፣ ክልሉም፣ ገንዘብ ሚኒስቴርም ያነቡታል እንጂ አይጽፉበትም። ጸሐፊው አንድ ከሆነ መዝገቡ ከጸሐፊው ዘንድ ቢቀመጥ ሁለት የተለያየ እውነት ሊፈጠር አይችልም፤ የሚፈጠረው መዘግየት ብቻ ነው። መዘግየት ደግሞ በወር አንድ ጊዜ ለሚቀርብ ሪፖርት ይታገሡታል።

የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች አይፍሚስ ወደሚባለው፣ በኦራክል ሶፍትዌር ላይ ወደተመሠረተው ማእከላዊ ሥርዓት መሸጋገር ሲጀምሩ፣ ይህ ጥያቄ በቂ ጊዜ አግኝቶ ነበር ለማለት ያስቸግራል። በአዲስ አበባ እርስ በርሳቸው በጥቂት ኪሎ ሜትር ለሚራራቁ ሚኒስቴሮች የሚስማማ አደረጃጀት፣ መስመሩ በክረምት ለሚቆረጥበት ወረዳ ሳይለወጥ ሲወሰድ፣ ያልነበረ ጥገኝነት ይፈጥራል። የእነማይ ፑል የራሱን የነዳጅ ወጪ ለመመዝገብ ከአዲስ አበባ ፈቃድ እስኪደርስ የሚጠብቅበት የምሕንድስና ምክንያት የለም፤ የቁጥጥር ምክንያት ካለም በግልጽ ተነግሮ ሊመዘን ይገባዋል።

ስለ መስመር ሲነሣ የሞጣ ሰው የራሱ ምሳሌ አለው። ከሞጣ ወደ ጎንደር ወገን በሚያሻግረው የዓባይ መንገድ ላይ ሰባራ ድልድይ የሚባል ጥንታዊ የድንጋይ ድልድይ አለ። በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከሉ ከተሰበረ በኋላ፣ ተሻጋሪዎች በገመድ ታስረው ከወዲህ ወዲያ እየተጎተቱ ለብዙ አሥርት ዓመታት ኖረዋል። በ1994 ዓ.ም. በብረት ቢጠገንም ጎርፍ ወሰደው። በኋላ የተሠራው በኬብል የተንጠለጠለ ድልድይ ነው፤ ሠሪዎቹም በአሮጌው ድልድይ ላይ መልሰው አልሠሩም፤ ጎርፍ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ አደረጉት እንጂ። ለቅርንጫፉ ሁለተኛ መስመር የሚያስገባ መሥሪያ ቤት ይህን ልብ ቢል ደግ ነው። በአንድ ቦይ ጎን ለጎን የተቀበሩ ሁለት መስመሮች ለአንድ ዶማ አንድ ናቸው፤ ከአንድ የመብራት ቆጣሪ የሚቀጠሉ ሁለት ሰርቨሮችም እንዲሁ።

በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ የታየውም ይኸው ነው። በኢንተርኔት ብቻ የሚገባው የስልክ መተግበሪያ ሲዘጋ፣ ኮከብና መሰላል ምልክት ባለው አጭር ቁጥር የሚገባው አገልግሎት ግን የሚጓዘው በስልኩ የጥሪ ምልክት መስመር እንጂ በኢንተርኔት ስላልሆነ፣ የስልክ ጥሪ በሚሠራበት ሁሉ ሊሠራ የሚችል ነበር። ቀድሞ ለተራ ስልክ ባለቤቶች እንደ ምጽዋት የተተወ ይመስል የነበረ መግቢያ ለሁሉም የሚያስፈልግ ሆነ። የመጀመሪያው እርከን ከበታቹ ካሉት ተለይቶ መሠራቱ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ አንዱ በር ሲዘጋ ደንቡና መዝገቡ ሳይነኩ ሌላ በር መክፈት ይቻላል።

ወደ ሞጣው መስኮት እንመለስ። በሶፍትዌር ላይ አንድ ትንሽ ማሻሻያ ብታደርጉ ማሽን መግዛት የማይጠይቅ ሥራ አለ። ገንዘብ ከፋዩ የሚያየው ስክሪን የጎደለውን እርከን በአማርኛ ይንገረው። «ከአዲስ አበባ ጋር የሚያገናኘው መስመር ተቆርጧል፤ ከተቆረጠ 20 ደቂቃ ሆኖታል» ቢል፣ ወጣቱ ወደ ቴሌ ደውሎ ለአዛውንቱ የሚነግራቸው ነገር ያገኛል። «መዝገቡ ለዕለታዊ መዝጊያ ተቆልፏል» ቢል፣ «አባቴ፣ አንድ ሰዓት አረፍ ይበሉ» ይላቸዋል። «ጫና በዝቷል፤ ጥያቄዎ በሰልፍ ላይ ነው» ቢል፣ ደጋግሞ መጫኑን ይተዋል፤ ይህ ብቻውን ጫናውን ያቀላል። «ክፍያው ተፈጽሟል፤ መልሱ ዘግይቷል» ቢል ደግሞ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ከመክፈል ይድናል።

ይህ ጽሑፍ በስክሪኑ ላይ በትክክል እንዲወጣ እያንዳንዱ እርከን ከበታቹ ያለው ምን እንደሆነበት ለይቶ ማወቅ አለበት፤ ማወቁም የሚረጋገጠው በወረቀት አይደለም። በአንድ የታወቀ ቀን፣ ደመወዝም በዓልም ባልሆነበት፣ ከሰኔም አስቀድሞ፣ ቅርንጫፉ ተነግሮት መስመሩ ሆን ተብሎ ይነቀል፤ ከማእከልም አንድ ማሽን ይጥፋ፤ በሞጣና በብቸና ስክሪኖች ላይ ምን እንደተጻፈም ይመዝገብ። «ሲስተም የለም» ብቻ የሚል ስክሪን ከተገኘ የት እንደሚጠገን የዚያን ዕለት ይታወቃል።